ጥንቸል፣ ጎረቤትና ፊዚክስ፦ አጥር የማያግዳቸው ነገሮች

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ስለ ጉርብትና ይናገራል። ባለንብረት በንብረቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክ ካዘዘ በኋላ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የሌለባቸውን ነገሮች በስም ይዘረዝራል፤ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት። የሕግ ሰው ይህን ሲያነብ የሚያየው ግዴታን ነው። እኛ የፊዚክስ መምህራን ስናነበው ደግሞ በአየር ውስጥ የሚንሳፈፉ ቅንጣቶች፣ የሚሠራጩ ጋዞችና የሚጓዙ ሞገዶች ይታዩናል። ሁሉንም አንድ የሚያደርጋቸው አጥር የማያግዳቸው መሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ይህን ዝርዝር ይዘን ወደ አንዲት ትንሽ እንስሳ እናመራለን። ጥንቸል ብዙውን ጊዜ ወደ ከተማ ቤት የምትገባው “አትጮህም፣ አትናከስም፣ ጎመን ከሰጧት ትኖራለች” ተብላ ነው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ግን በግቢው ወይም በጋራ መኖሪያ ሕንጻው ውስጥ ማጉረምረም ሊጀመር ይችላል። ሽታው አስቸገረ፤ ሌሊት አንድ ነገር ወለሉን ይደበድባል፤ የጓሮው ሰላጣ ተበላ ይባላል። “ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል” በሚል ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

እንዲህ ያለው ክርክር ሲነሣ የጎረቤት ሰላምና የጥንቸሏ ደኅንነት እንደ ተቃራኒ ወገኖች ይቆጠራሉ። ነገሩን በፊዚክስ ዓይን ስንመረምረው ግን ሁለቱ በአንድ ወገን ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። ወደ ጎረቤት የሚሻገረው ነገር ከመሻገሩ በፊት ጥንቸሏን ጎድቷታል ወይም የጥንቸሏን ጉዳት ያመለክታል። ስለዚህ የጎረቤት ቅሬታ ስለ እንስሳዋ አያያዝ የሚነግረን አንድ መለኪያ ነው ማለት ይቻላል። ይህን አባባል በሽታ፣ በንዝረት፣ በሙቀትና በቁጥር እየፈተንን እንሂድ።

የትኛዋ ጥንቸል?

በአማርኛ ጥንቸል የሚለው ስም ሁለት ዓይነት እንስሳትን ያጠቃልላል። አንደኛዋ በሜዳና በቁጥቋጦ የምናያት የዱር ጥንቸል ናት፤ በኢትዮጵያ ደጋማ ሣር ሜዳዎች ብቻ የምትገኘው የደጋ ጥንቸል ከዚህ ወገን ትመደባለች። የዱሯ ጥንቸል ጥልቅ ጉድጓድ አትምስም፤ ልጆቿም ጠጉር ለብሰውና ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በቤት የምትለመደው ጥንቸል ግን የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ከአይቤሪያ ባሕረ ገብ ምድር፣ ማለትም ከዛሬዎቹ ስፔይንና ፖርቱጋል አካባቢ ነው። ይህችኛዋ በጉድጓድ ውስጥ በማኅበር የምትኖር ናት፤ ልጆቿም ዕራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። የቤቷ ጥንቸል 44፣ የዱሯ ደግሞ 48 ክሮሞሶሞች ስላሏቸው ሁለቱ አይዳቀሉም።

ይህ ልዩነት ለጉዳያችን መሠረት ነው። የቤት ጥንቸል መሬት መማሷ፣ ስትደነግጥ ወለሉን በኋላ እግሯ መምታቷና ባልንጀራ መሻቷ ሁሉም ከጉድጓድ ኑሮዋ የተወረሱ ጠባዮች ናቸው። ይበልጥ የምትነቃቃውም ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስትጠልቅ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ጎረቤት ገና ሳይነሣ ወይም ከሥራ ደክሞ ሲገባ እርሷ ሥራዋን ትጀምራለች።

ሽታ፦ የአምስት ሴንቲ ሜትርና የሦስት ሜትር ጉዞ

ጥንቸል እንደ ድመት ራሷን እየላሰች የምታጸዳ እንስሳ ናት፤ ገላዋ እምብዛም አይሸትም። ጎረቤትን የሚያስመርረው ሽታ የሚመነጨው ከሰነበተ ሽንት ነው። በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት አሞኒያ የተባለው ጋዝ ይወጣል። ይህ ሂደት ጊዜ ይወስዳል፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። ዛሬ የፈሰሰው ሽንት እምብዛም ሳይከረፋ ከሦስት ቀን በፊት የፈሰሰው ዓይን የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመሆኑ ጋዙ ወደ ጎረቤት እንዴት ይደርሳል? በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ የአሞኒያ ሞሊኪዩል በአማካይ በሴኮንድ 600 ሜትር ያህል ይበራል። ከዚህ ተነሥተን ሽታው በቅጽበት መንደሩን ያዳርሳል ብለን ልንገምት እንችላለን። ነገር ግን ሞሊኪዩሉ ከአየር ሞሊኪዩሎች ጋር በሴኮንድ ውስጥ ቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ስለሚጋጭ አቅጣጫው ያለማቋረጥ ይለወጣል። እንዲህ ያለው የዘፈቀደ ጉዞ አንድ ሕግ አለው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል።

የአሞኒያ የሥርጭት መጠን በአየር ውስጥ በሴኮንድ 0.2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የርቀቱን ካሬ ለዚህ መጠን እጥፍ ስናካፍል የጉዞውን ጊዜ በግምት እናገኛለን። አየሩ ፍጹም ጸጥ ያለ ነው ብንል፣ ጋዙ 3 ሜትር ተጉዞ ጎረቤት መስኮት ለመድረስ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጅበታል። ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደሚገኘው የጥንቸሏ አፍንጫ ለመድረስ ግን አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ለስላሳ ነፋስ ደግሞ ያንኑ 3 ሜትር በ3 ሴኮንድ ያሻግረዋል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ቁም ነገሮችን እንወስዳለን። የመጀመሪያው፣ ሽታን ወደ ጎረቤት የሚያደርሰው ነፋስ ስለሆነ የጥንቸሏ ቤት ከነፋሱ አቅጣጫ አንጻር የት መቀመጥ እንዳለበት አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ሽታው ጎረቤት ዘንድ በደረሰበት ሰዓት ጥንቸሏ ከእርሱ እጅግ የበረታውን ስትተነፍስ ቆይታለች። ጥንቸል አየር የምትስበው በአፍንጫዋ ነው ማለት ይቻላል፤ አሞኒያ ደግሞ የአፍንጫንና የመተንፈሻ ቧንቧን ስስ ሽፋን እያቆሰለ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት ሠራተኞች በሥራ ቀናቸው በአማካይ ከ25 ፒፒኤም በላይ፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ከ25 እጅ በላይ አሞኒያ ባለበት እንዳይውሉ ይመክራል። ሠራተኛው ማታ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጥንቸሏ ግን ከሣጥኗ ወዴትም አትሄድም።

ባለቤቱ ለምን አይሸተውም? የማሽተት ሕዋሳት ለማይቋረጥ ሽታ ቶሎ ይለመዳሉ። ከጥንቸሏ ጋር የሚውል ሰው አፍንጫ ልኩን ያጣ መሣሪያ ሆኗል። ከውጭ የመጣው የጎረቤት አፍንጫ ግን ገና አልተላመደም። “ሽታው በዛ” የሚል ጎረቤት ሲያጋጥመን በቅድሚያ ልናደርገው የሚገባን፣ አጎንብሰን በጥንቸሏ ከፍታ መተንፈስ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጥንቸል አብዛኛውን ጊዜ የምትሸናበትን ጥግ ራሷ ትመርጣለች። በዚያ ጥግ ዝቅ ያለ ሣህን አኑሮ፣ ከሥሩ ጋዜጣ፣ ከላዩ ደረቅ ጭድ ወይም ገለባ ማንጠፍና በየቀኑ መለወጥ ነው። ደቃቅ ሰጋቱራ አቧራው ሳንባዋን ስለሚጎዳ አይመረጥም። በሣህኑ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር የካልሲየም ካርቦኔት ዝቃጭ ነው፤ ጥንቸል ከምግቧ የተረፈውን ካልሲየም በሽንቷ ታስወግዳለችና። ይህን ኮምጣጤ ያሟሟዋል። ኮምጣጤ አሲድ በመሆኑ አሞኒያውንም ወደማይተን ጨው ይለውጠዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ማከል ይገባል። ሽንት በሰነበተበት ሣጥን ላይ በረኪና ማፍሰስ አደገኛ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባሉ መርዛማ ጋዞች ይፈጠራሉ። በረኪናና ኮምጣጤ ሲቀላቀሉም ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሁለቱም የሰውንም የእንስሳንም ሳንባ ይጎዳሉ። በኮምጣጤ የጸዳ ሣህን በብዙ ውኃ ታጥቦ በፀሐይ ከደረቀ ለዕለት ተዕለት ንጽሕና ይበቃል።

ድምፅና ንዝረት፦ ለማኅበሯ የተላከ መልእክት

የቤት ጥንቸል ጸጥተኛ መሆኗ እውነት ነው። ሆኖም አደጋ ስትጠረጥር በኋላ እግሮቿ መሬቱን በኃይል ትመታለች። በዱር ኑሮዋ ይህ ምት በአፈር ውስጥ ተጉዞ በጉድጓድ ላሉት ባልንጀሮቿ “ተጠንቀቁ” የሚል መልእክት ያደርሳል። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ አፈሩን የተካው ኮንክሪት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ በኮንክሪት ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በመንገዱም የሚባክነው ጉልበት ጥቂት ነው። መልእክቱ በትክክል ይደርሳል፤ የሚቀበለው ግን ከታች ፎቅ የተኛው ሰው ነው።

ይህን ንዝረት ለመቀነስ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ይበቃናል። ምቱ በወለሉ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የእንቅስቃሴ መጠኑ ለውጥ ለጊዜው ሲካፈል የሚገኘው ነው። እግሩ የሚቆምበትን ጊዜ ከ2 ወደ 20 ሚሊ ሴኮንድ ብናራዝመው ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከሣጥኑ እግሮች ሥር ወፍራም ጎማ፣ ከውስጥ ደግሞ ምንጣፍና የገለባ ጉዝጓዝ ማድረግ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጥንቸል ያገኘችውን ስለምታኝክ ጎማው ከሣጥኑ ውጭ መሆን አለበት።

ለስላሳው ወለል ለማን ይጠቅማል? ለታችኛው ጎረቤት እንቅልፍ ይሰጣል። ለጥንቸሏ ደግሞ ሌላ ነገር ያደርጋል። የጥንቸል እግር እንደ ውሻና እንደ ድመት መዳፍ ሥጋማ ትራስ የለውም፤ በጠጉር ብቻ የተሸፈነ ነው። በባዶ የሽቦ ወለል ወይም በሲሚንቶ ላይ የምትውል ጥንቸል የእግሯ ሥር ተልጦ ይቆስላል።

ከዚህም በላይ ማሰብ ያሻል። አንድ ምት ማለት አንድ ድንጋጤ ማለት ነው። ጥንቸል ሰው ከሚሰማው የላይኛ ወሰን፣ ማለትም ከ20,000 ኸርዝ፣ በእጥፍ የሚበልጥ ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ ትሰማለች። የጎረቤት ውሻ ጩኸት፣ የበዓል ርችት፣ በመስኮት የገባ ድመት ሁሉ ያሸብራታል። ስለዚህ ድምፅ ከእኛ ወደ ጎረቤት ብቻ የሚሄድ አድርገን መቁጠር ስሕተት ነው፤ ከጎረቤትም ወደ ጥንቸሏ ይመጣል። በየሌሊቱ የምትደበድብ ጥንቸል የምትሸሸግበት ጨለማ ማረፊያ እንደሌላት እየነገረችን ሊሆን ይችላል። ሁለት መውጫ ያለው የካርቶን ሣጥን ብዙውን ችግር ያቃልላል።

ሙቀት፦ ከቆርቆሮ ሥር

የጥንቸል የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። እንደ ሰው አላብ ራሷን ማቀዝቀዝ አትችልም። ትርፍ ሙቀት የምታስወግድባቸው ዋና አካሎች ጆሮዎቿ ናቸው፤ በሥሥ ቆዳቸው ሥር የተዘረጉት የደም ሥሮች ሲሰፉ ሙቀቱ ወደ አየር ይወጣል። ይህ የሚሠራው ግን አየሩ ከጆሮዋ የቀዘቀዘ እስከሆነ ድረስ ነው። ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይስማማታል፤ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል።

የአዲስ አበባን ወይም የደብረ ብርሃንን አየር የሚያውቅ ሰው “ይህ ለድሬዳዋ እንጂ ለእኛ አይደለም” ሊል ይችላል። ነገር ግን ፀሐይ የመታው የቆርቆሮ ክዳን ከአካባቢው አየር እጅግ ይግላል። አንድ አካል የሚያመነጨው የሙቀት ጨረር ከፍጹም ሙቀቱ አራተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል። በመሆኑም 60 ዲግሪ የደረሰ ቆርቆሮ 20 ዲግሪ ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ጨረር ያወርዳል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ጥንቸሏ ልትቃጠል ትችላለች። ክዳኑን በሣር ወይም በጣውላ ደርቦ በሁለቱ መካከል የአየር ክፍተት መተው፣ ሣጥኑንም ከቀትር ፀሐይ ማሸሽ ያስፈልጋል። በሞቃት ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ፣ በረዶ የሆነ የውኃ ጠርሙስ ጎኗ ማኖርም ይረዳል። ቀደም ሲል እንዳልነው ሙቀት የአሞኒያን መመንጨት ያፋጥናል፤ ጥላ ያገኘች ጥንቸል ጎረቤትም የተሻለ አየር ያገኛል።

ቁጥር፦ በግድግዳ የተከበበው ጥያቄ

በ1202 እ.ኤ.አ. የፒዛው ሊዮናርዶ፣ በኋላ ፊቦናቺ የተባለው የሒሳብ ሊቅ፣ ሊበር አባቺ በተሰኘው መጽሐፉ አንድ ዝነኛ ጥያቄ አቀረበ። በግድግዳ በተከበበ ስፍራ የተቀመጡ አንድ ጥንድ ጥንቸሎች በየወሩ አንድ ጥንድ ቢወልዱ፣ ልጆቹም ከሁለተኛ ወራቸው ጀምሮ መውለድ ቢጀምሩ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስንት ጥንድ ይሆናሉ? መልሱ 377 ጥንድ፣ ማለትም 754 ጥንቸሎች ነው።

ጥያቄው የሒሳብ መልመጃ እንጂ የሥነ ሕይወት መረጃ አይደለም። እውነተኛዋ ጥንቸል ለመውለድ የምትደርሰው ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜዋ ነው። ሆኖም እርግዝናዋ 31 ቀን ገደማ ብቻ ሲሆን በአንድ ጊዜ ከአንድ ጥንድ በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 በላይ ትወልዳለች፤ በወለደችበት ቀን እንደገና ማርገዝም ትችላለች። ግልገሎች ሳሉ ወንዱን ከሴቷ መለየት አስቸጋሪ በመሆኑ “ሁለቱም ሴት ናቸው” ተብለው የተሰጡ ጥንቸሎች በወራት ውስጥ አሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ሽታው፣ ድምፁና ጠቡም በዚያው ልክ ይባዛሉ።

አጥር ብቻውን የማይበቃ መሆኑን አውስትራሊያ በውድ ዋጋ ተምራለች። በ1859 እ.ኤ.አ. ቶማስ ኦስቲን የተባለ ባለርስት ከእንግሊዝ ያስመጣቸውን 24 ጥንቸሎች በቪክቶሪያ ለቀቀ። ልጆቻቸው አገሩን አጥለቀለቁት። በ1901 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አውስትራሊያ ከ1,800 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የሽቦ አጥር መሠራት ተጀመረ፤ በ1907 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ግን ጥንቸሎቹ አስቀድመው ተሻግረው ነበር። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ሁለት ነው። ወንድና ሴትን አለያይቶ ወይም በእንስሳት ሐኪም አኮላሽቶ መያዝ ከአጥር ይቀድማል። የሰለቹትን ጥንቸል ሜዳ ላይ መልቀቅም በፍጹም አይገባም፤ ወይ በውሻና በጭልፊት ታልቃለች፣ ወይ ለሌላው ችግር ትሆናለች።

በግቢ ውስጥ ለምትፈታ ጥንቸል የሽቦ መረቡን ከአጥሩ ግርጌ ወደ ውስጥ አጥፎ በአፈር መቅበር መማሷን ይገታል። በቤት ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ይሸፈን። የጥንቸል የፊት ጥርስ በሳምንት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ እርሷም ማኘክን አታቆምም። የ220 ቮልት ገመድ ከተቀረጠፈ የሚሞተው እንስሳ፣ የሚነሣው እሳትም የሕንጻው ሁሉ ይሆናል። ጥርሷን የሚሞርደው ዋና ምግቧ ድርቆሽና ሣር ነው፤ ካሮት ስኳር ስለሚበዛበት በጥቂቱ ይሰጣል፤ በብዙ ግቢ የሚገኘው የአቮካዶ ቅጠል ግን መርዟ ነው።

ከአጥሩ ማዶ

አንዳንድ ቅሬታ ከሽታና ከድምፅ አይነሣም። ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት ስለሚቆጥራት፣ በዚህ ሥርዓት የሚኖር ጎረቤት “ለምን አመጣችኋት?” ብሎ ሊጨነቅ ይችላል። ጥንቸሏ ለሥጋ እንዳልመጣች በአክብሮት መንገር ተገቢ ነው። ሌላው ደግሞ ጥንቸሏ የራሷን ለስላሳ ኩስ ስትበላ አይቶ ይጸየፋል። ይህ በሽታ አይደለም። ሣር የሚብላላው ከአንጀቷ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ፣ ያመለጣትን ፕሮቲንና ቫይታሚን መልሳ የምታገኘው በዚህ መንገድ ነው። ላም ከሆዷ መልሳ የምታመሰኳውን ጥንቸል በሌላ መንገድ ትፈጽመዋለች።

ጥንቸሏ ከመምጣቷ በፊት ጎረቤት ዘንድ ሄዶ መናገር ብዙ ጠብ ያስቀራል። “እትዬ፣ ጥንቸል ልናስገባ አስበናል። ሣጥኗን የምናኖረው በዚህ በኩል ነው። ሽታ ወይም ድምፅ ካስቸገረዎ እባክዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩን፤ እኛ ስለምንለምደው ላይታወቀን ይችላል” ማለት ይበቃል። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ የሚኖር ሰው የነዋሪዎቹን ማኅበር መተዳደሪያ ደንብም አስቀድሞ ያንብብ። አምልጣ የሰው ጓሮ ካጠፋች የፍትሐ ብሔሩ ሕግ አንቀጽ 2071 ግልጽ ነው፤ እንስሳው ባለቤቱ ሳያስበው ያመለጠ ቢሆንም እንኳ ለጉዳቱ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው። ከክርክር በፊት ግን መልካም ነገር መላክ ይቻላል። የጥንቸል በጠጥና ያገለገለው ጭድ ተደባልቀው ሲብላሉ ለጓሮ አትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናሉ። አጥር ከሚሻገሩት ነገሮች ሁሉ ጎረቤት ደስ ብሎት የሚቀበለው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በመጨረሻም ለተማሪ አንባቢዎቻችን አንድ ሙከራ እናቀርባለን። ጥንቸሏን ከማምጣት በፊት ባዶውን ሣጥን በታሰበው ቦታ አንድ ሳምንት አኑሩት። በላዩ ቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ መዝግቡ። ውስጡ ቴርሞሜትር አስገብታችሁ የቀትሩን ሙቀት አንብቡ። ሣጥኑን በጣታችሁ እየመታችሁ፣ ጓደኛችሁ ከታች ወይም ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ይሰማው እንደሆነ ጠይቁ። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ትኖራለችና፣ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ያለ ተማሪ የሚያመጣት ጥንቸል ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ እስኪይዝ አብራው ልትኖር እንደምትችልም በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። ከሳምንቱ በኋላ ክሩ ወደ ጎረቤት መስኮት እያመለከተ፣ ቴርሞሜትሩም ከ30 በላይ እያነበበ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ሌላ ቦታ ከሌለ ጥንቸሏን አለማምጣትም ኃላፊነትን መወጣት ነው።